የ2025 የፌዴራል ግብር በክሬዲት ካርድ፦ ከማርች እስከ ፌብሩዋሪ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ማርች 10፣ 2025

መዝገቡ የአንድ ቤት ነው። ባል ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበርና ሊፍት ይነዳል። ገቢው በ1099 (ለተቀጣሪ ሳይሆን ለግል ሠራተኛ በሚሰጥ የገቢ ማስረጃ) ስለሚመጣ ግብር የሚቆርጥለት አሠሪ የለም። ሚስት ሆስፒታል ትሠራለች፤ ከደመወዟ ይቆረጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅም ደብሊው-2 የሚባለው የደመወዝ ማስረጃ ይሰጣታል። ግብራቸውን በጋራ ነው የሚያስገቡት።

የ2024 ቅጽ 1040፣ የዓመቱ ግብር የሚታወቅበት ቅጽ፣ ተሠርቶ አልቋል። መስመር 24 ላይ ያለው ጠቅላላ ግብር 11,400 ዶላር ነው። በዓመቱ ውስጥ ከተከፈለው ጋር ሲተያይ 1,900 ዶላር ቀሪ ዕዳ አለ፤ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15።

ለ2025 ደግሞ በየጊዜው ቅድሚያ የሚከፈለው፣ ሰው ሁሉ ኤስቲሜትድ የሚለው፣ አለ። የገቢው ልክ ከአሁኑ ስለማይታወቅ የሚያዋጣው ባለፈው ዓመት ግብር ላይ መንጠልጠል ነው። ያለፈውን ዓመት ግብር 100 በመቶ የከፈለ ሰው ዘንድሮ የቱንም ያህል ቢያተርፍ ቅድሚያ አልከፈልክም ተብሎ አይቀጣም። የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ የነበረ ግን 110 በመቶ መክፈል አለበት። እነዚህ ከዚያ በታች ናቸው። 11,400 ሲቀነስ ከሚስት ደመወዝ በዓመቱ የሚቆረጠው 3,000፣ 8,400 ይቀራል። ለአራት ሲካፈል በየጊዜው 2,100 ዶላር።

ስለዚህ ኤፕሪል 15 ላይ ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ይገጥማሉ፦ 1,900 ለ2024 እና 2,100 ለ2025። ድምሩ ድፍን 4,000 ነው። ካርድ የሚለው ሐሳብ የመጣውም ከዚህ ቁጥር ነው፤ በሦስት ወር 4,000 ለሚያወጣ ቦነስ የሚሰጥ ካርድ አለ።

ማርች 12

የክፍያው ዋጋ። አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ፣ የካርድ ክፍያ በቀጥታ አይቀበልም። የካርድ ኩባንያዎች የሚያስከፍሉትን ከመንግሥት ገንዘብ እንዲከፍል ሕጉ ስለማይፈቅድለት፣ በመሐል የቆሙ ፕሮሰሰሮች ይቀበሉና ወጪውን ከፋዩ ላይ ይጥላሉ። በ2025 ያሉት ሁለት ናቸው፦ ፔይ1040 እና ኤሲአይ ፔይመንትስ። ለግል ክሬዲት ካርድ የመጀመሪያው 1.75 በመቶ ያስከፍላል፣ ሁለተኛው 1.85። ዝቅተኛው በሁለቱም 2.50 ዶላር ነው። የድርጅት ካርድ ከሆነ 2.89 እና 2.95 በመቶ ይደርሳል። በዴቢት ካርድ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ሁለት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም።

የድርጅት ካርዱ ዋጋ ልብ ይባል። ብዙ ሾፌር በንግድ ስም ያወጣው ካርድ አለው፣ በግዢ የሚሰጠው ፖይንትም (ወደ ገንዘብ ወይ ትኬት የሚመነዘር ነጥብ) ከግል ካርዱ የተሻለ ይሆናል። ሲስተሙ ካርዱን የድርጅት አድርጎ ካወቀው ግን 2.89 በመቶ ይመጣል፤ በ2 በመቶ ካሽ ባክ (ካርዱ ከግዢው በሚመልሰው ገንዘብ) ያ ክፍያ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ዋጋው የመጨረሻውን አዝራር ከመጫን በፊት ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ እዚያው ማንበብ ነው።

ማርች 13

የሒሳቡ ሥር ይህ ነው። 10,000 ዶላር በ1.75 በመቶ ሲከፈል ክፍያው 175 ነው፣ ካርዱ ላይ 10,175 ይመታል። ካርዱ በሁሉም ግዢ 2 በመቶ የሚመልስ ከሆነ 203.50 ይመጣል። ትርፉ 28.50። ለ10,000 ዶላር! 1.5 በመቶ የሚመልስ ካርድ ከሆነ 152.62 ተመልሶ 22.38 ይከስራል። 1 በመቶ የሚመልሰውን ባንሠራውም ይገባል።

እንግዲህ ከመቶኛው የሚገኘው ትርፍ ይህን ያህል ነው። ገንዘቡ ያለው አዲስ ካርድ ሲወጣ በሦስት ወር ይህን ያህል ካወጣህ ተብሎ በሚሰጠው ቦነስ ላይ ነው። በወር 900 ዶላር በካርድ የሚያወጣ ቤት በሦስት ወር 4,000 አይሞላም፤ ለመሙላት ሲል የማያስፈልገውን ይገዛል። ግብር ግን የግድ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ማርች 24

በባል ስም የጉዞ ካርድ ተጠየቀ፣ በዚያው ቀን ተፈቀደ። ዓመታዊ ክፍያ 95 ዶላር። ቦነሱ በ3 ወር 4,000 ዶላር ለሚያወጣ 60,000 ፖይንት። የተሰጠው ሊሚት (የብድር ጣሪያ) 6,500።

ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ነው። ካርዱ ቤት ከደረሰበት ቀን አድርገው የሚቆጥሩ ሳምንት አሥር ቀን ይስታሉ፣ የመጨረሻዋን ግዢ ያንኑ ሳምንት ያደርጉና ቦነሱን ያጡታል። እዚህ መዝገብ ላይ የመጨረሻው ቀን ጁን 24 ተብሎ ተጻፈ፣ የሥራው ቀን ግን ጁን 10 ተደረገ።

ዓመታዊው 95 ዶላር ከ4,000ው ውስጥ አይቆጠርም። ገዝተው የመለሱት ዕቃም ይቀነሳል።

ኤፕሪል 2

ካርዱ ትናንት ደረሰ። ከመክፈል በፊት የተደረጉት፦

ባንኩ አፕ ላይ ስልክ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። አዲስ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ግዢ 2,000 ዶላር ሲሆን ማጭበርበር መስሎት የሚያግድ ባንክ ብዙ ነው፤ ማረጋገጫውም የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው።

የባል ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድ ወጥቶ ስሙ በፊደል በፊደሉ ተገለበጠ። የእኛ ሰው ስም እዚህ ያስቸግራል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ አንዳንዱ ግን ወደ አሜሪካ ሲገባ የአያቱ ስም ነው ላስት ኔም ሆኖ የተጻፈው፤ በመንጃ ፈቃድ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ በሶሻል ካርዱ ይጎድላል። ግብሩ የሚሄደው ሶሻል ሴኪዩሪቲ አስተዳደር ዘንድ ባለው ስም ነው። ሚስት ደግሞ በባሏ ስም አትጠራም፤ ላስት ኔሟ የራሷ አባት ነው። ፎርሙ የባለቤት ስም ሲጠይቅ ከባል ስም ጋር ባይገጥም ምንም አይደለም፣ እንዳለ ይጻፋል።

ኤፕሪል 4፣ የክፍያው ቀን

መግቢያው አይአርኤስ ዶት ጎቭ ላይ ያለው የክፍያ ገጽ ነው። ከዚያ ወደ ፕሮሰሰሩ ይወስዳል። በጉግል ፈልጎ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ መጫን አይገባም፤ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ክፍያቸው ግን እጥፍ የሆነ ገጾች አሉ፣ ሶሻል ቁጥር ብቻ ፈልገው የተከፈቱም አሉ።

የመጀመሪያው ክፍያ። ዓይነቱ ቅጽ 1040፣ የዘመኑ ግብር፣ ዓመቱ 2024። መጠኑ 1,900። የባል ሶሻል ቁጥር በቅድሚያ፣ ምክንያቱም ቅጽ 1040 ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነው። የአገልግሎት ክፍያ 33.25። ተከፈለ።

ሁለተኛው። ዓይነቱ 1040-ኢኤስ (የኤስቲሜትዱ ቅጽ)፣ ዓመቱ 2025። እዚህ ላይ ነው በኤፕሪል የሚሳሳቱት። ሁለቱም ክፍያ በአንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ስም ነው፣ የሚለያቸው የቅጹ ስምና ዓመቱ ብቻ ነው። የ2025ን ኤስቲሜትድ 2024 ብሎ ያስገባ ሰው ገንዘቡ ላለፈው ዓመት ትርፍ ክፍያ ሆኖ ይቀመጥበታል፣ የዘንድሮው ባዶ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ይህን ማስተካከል አይችልም፤ በ1-800-829-1040 አይአርኤስን ማነጋገር ያስፈልጋል፣ ስልኩ ላይ የሚፈጀውን ሰዓት ደውሎ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጠኑ 2,100፣ የአገልግሎት ክፍያ 36.75። ባንኩ ከለከለ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይህን ግዢ ያደረግኸው አንተ ነህ ወይ የሚል ቴክስት መጣ፣ አዎ ተባለ። ከዚህ በኋላ ወዲያው እንደገና አልተሞከረም። አፑ ውስጥ 2,100 በመጠባበቅ ላይ ያለ ግዢ ሆኖ አለመያዙ ታየ፣ ኢሜይል ላይ ኮንፈርሜሽን ቁጥር አለመምጣቱም ታየ። ከዚያ ነው ድጋሚ የተከፈለው። ቸኩሎ ሁለቴ የሚጫን ሰው ሁለቴ ይከፍላል። የካርድ ክፍያ አንዴ ከተፈቀደ አይሰረዝም፤ ትርፉ ገንዘብ ከሌላ ዕዳ ጋር ይያያዛል ወይ ግብር ሲገባ ይመለሳል፣ የአገልግሎት ክፍያው ግን ቀልጦ ይቀራል።

ሁለት ኮንፈርሜሽን ቁጥሮች ተጻፉ። የክፍያው ቀን የሚባለው ካርዱ የተፈቀደበት ቀን ነው እንጂ ገንዘቡ አይአርኤስ ሒሳብ ላይ የታየበት ቀን አይደለም። 1040-ቪ የሚባለውን የክፍያ ወረቀት በፖስታ መላክም አያስፈልግም።

ኤፕሪል 7

ካርዱ ላይ አራት መስመር ታየ። ሁለቱ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የግብር ክፍያ የሚሉ፣ ሁለቱ የአገልግሎት ክፍያ የሚሉ። ድምር 4,070። አራቱም እንደ ተራ ግዢ ነው የተመዘገቡት፤ እንደ ካሽ አድቫንስ (ከካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደ መውሰድ) ቢሆን ፖይንት አይሰጥም፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። በተለምዶ ግዢ ነው፤ ቢሆንም የካርዱን ውል ውስጥ ፖይንት የማይሰጥባቸው ተብለው የተዘረዘሩትን ቀድሞ ማንበብ ነው።

ከ6,500 ሊሚት 4,070 ማለት 63 በመቶ ገደማ ነው። ስቴትመንቱ (የካርዱ የወር ሒሳብ) እንዲህ ቢዘጋ የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች የሚላከው ይህ ቁጥር ይሆናል፣ ክሬዲት ስኮሩም ለጊዜው ይወርዳል። ቤት ወይ መኪና ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ሰው ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት አብዛኛውን ይክፈል። እነዚህ ባልና ሚስት ብድር አልጠየቁም፤ ግን ገንዘቡ ቁጠባ ውስጥ ተዘጋጅቶ ስለነበር 3,500 ቀድሞ ተከፈለ። ቦነሱ የሚቆጥረው ያወጡትን ነው፣ ያልከፈሉትን አይደለም። ቶሎ መክፈል ፖይንት አይቀንስም።

ኤፕሪል 16

አይአርኤስ ኦንላይን አካውንት ላይ ሁለቱም ክፍያዎች ታዩ፣ ከተከፈሉ በ12ኛው ቀን። 1,900 በ2024 ሥር፣ 2,100 በ2025 ሥር። እስከዚያ ድረስ አልደረሰም ብሎ ሌላ መክፈል አይገባም።

የቨርጂኒያ ስቴት ግብር ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ቀኑ ሜይ 1 ነው፣ ከባንክ ሒሳብ በነፃ ይከፈላል፣ እንደዚያው ተከፈለ።

ሜይ 20

60,000ው ፖይንት ገባ። ሒሳቡ፦ በጥሬ ገንዘብ ሲመነዘር 600 ዶላር፣ ከግዢው ራሱ በዶላር አንድ ፖይንት 40.70፣ ሲቀነስ የአገልግሎት ክፍያ 70፣ ሲቀነስ ዓመታዊ 95። የተጣራ 475.70።

በጥሬ ከመመንዘር ይልቅ ወደ አየር መንገድ ማዛወር ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስ ውስጥ ስለሆነ ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ ያለውን በረራ በሌላ የኅብረቱ አባል አየር መንገድ ፖይንት መቁረጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ችግሩ ቦታው ነው፤ ለገናና ለክረምት የሚከፈተው ወንበር ጥቂት ነው። ፖይንት አንዴ ወደ አየር መንገድ ከሄደ አይመለስምና ወንበሩን ሳያዩ ማዛወር አይገባም። መዝገቡ ላይ በጥሬ ነው የተያዘው።

ጁን 9

የሁለተኛው ክፍያ ቀን ጁን 16 ነው፣ 15 እሑድ ስለሆነ። ከኤፕሪል 15 እስከዚህ ሁለት ወር ብቻ ነው። ኳርተር ይባል እንጂ ሦስት ሦስት ወር አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሦስት ወር ነው፣ የመጨረሻው አራት። በየሳምንቱ እኩል የሚያስቀምጥ ሾፌር እዚህ ጋ ይጎድልበታል። 8,400 ለ52 ሳምንት 162 ዶላር ገደማ ነው፤ እንደ እቁብ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ሌላ ቁጠባ ይገባል። ከጃንዋሪ እስከ ጁን አጋማሽ ያሉት 24 ሳምንታት 3,888 ይሆናሉ። እስከዚህ መከፈል ያለበት ግን 4,200 ነው። 312 ዶላር ይጎድላል።

ካርድ እዚህ ጋ ከካሽ ባኩ በላይ ይጠቅማል። ስቴትመንቱ ጁን 22 ይዘጋል፣ የሚከፈለው ጁላይ 17 ነው። በዚያን ጊዜ 28 ሳምንት ሞልቶ 4,536 ይሆናል። ጉድለቱ ያለ ወለድ ተሸፈነ። ይህ የሚሠራው ግን ያለፈው ስቴትመንት ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ብቻ ነው።

ጁን 12

ሁለት በመቶ በሚመልሰው የቆየ ካርድ ተከፈለ። 1040-ኢኤስ፣ 2025፣ 2,100። የአገልግሎት ክፍያ 36.75፣ ድምር 2,136.75። ካሽ ባኩ 42.73። ትርፍ 5.98።

ስድስት ዶላር ያልሞላ። የባንክ ክፍያ በአይአርኤስ ዳይሬክት ፔይ ነፃ ነው፤ ለስድስት ዶላር ብሎ ቀን የሚያሳልፍ ሰው ከዚህ ይበልጥ ይቀጣል። በ2025 አይአርኤስ የሚያስበው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ 2,100 ለአንድ ወር ሲዘገይ 12.25 ነው። ካርዱ ላይ ያደረ ደግሞ የባሰ ነው። ኤፒአሩ (የካርዱ የዓመት ወለድ) 24 በመቶ ቢሆን በወር 2 በመቶ ማለት ነው፣ ካሽ ባኩን በአንድ ወር ድፍን አድርጎ ይበላዋል፣ የአገልግሎት ክፍያው ከኪስ ይወጣል።

መክፈል ያልቻለ ሰው ካርድ ላይ ከሚጭን አይአርኤስ ጋር ቢስማማ ይሻለዋል። እስከ 180 ቀን የሚደርሰው አጭር የክፍያ ስምምነት መክፈቻ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ 7 በመቶ ወለድና በወር ግማሽ በመቶ ቅጣት ቢጨመርም ከ24 በመቶ በታች ነው።

ጁላይ 17

2,136.75 ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።

ሴፕቴምበር 8

ሦስተኛው፣ ሴፕቴምበር 15። በሚስት ስም አዲስ ካርድ ወጥቷል፤ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ በ3 ወር 500 ዶላር ለሚያወጣ 200 ዶላር ይሰጣል፣ በሁሉም ግዢ 1.5 በመቶ ይመልሳል። ካርዱ የሚስት፣ ግብሩ የጋራ። የካርዱ ባለቤትና ግብር ከፋዩ አንድ መሆን የለባቸውም።

2,100ው ለሁለት ተከፈለ። 600 በሚስት አዲስ ካርድ፣ 1,500 በባል 2 በመቶ ካርድ። በአንድ ፕሮሰሰር በአንድ ኳርተር ለ1040-ኢኤስ የሚፈቀደው ሁለት ክፍያ ነው፤ ሁለቱም እዚህ አለቁ። ሦስተኛ ካርድ ቢኖር ወደ ሌላው ፕሮሰሰር መሄድ ነበር፣ በ1.85።

ከ600ው፦ ክፍያ 10.50፣ ካሽ ባክ 9.15፣ ቦነስ 200፤ የተጣራ 198.65። ከ1,500ው፦ ክፍያ 26.25፣ ካሽ ባክ 30.52፤ የተጣራ 4.27። ድምር 202.92።

የመጀመሪያው ግን መደረግ አልነበረበትም። 500 ዶላር በሦስት ወር አስቤዛ ብቻውን ይሞላዋል፤ ለጤፍና ለበርበሬ በነፃ የሚገኝ ቦነስ ላይ 10.50 ተከፈለበት። ግብር የሚገባው የቤት ወጪ ለማይሞላው ቦነስ ነው።

ሴፕቴምበር 25

600ው በባል አካውንት ላይ አልታየም። ኮንፈርሜሽኑ ወጥቶ ሲታይ የሚስት ሶሻል ቁጥር ነው በቅድሚያ የገባው፤ ካርዱ የራሷ ስለሆነ የራሷን ጻፈች። በሚስት ኦንላይን አካውንት ሲገባ 600ው እዚያ ተቀምጧል።

ገንዘቡ አልጠፋም። በጋራ ሲያስገቡ የሁለቱም ቁጥር ቅጹ ላይ ስላለ ሁለቱም የከፈሉት ይታሰብላቸዋል። ግን ኮምፒውተሩ ሳያገናኘው ቢቀር 600 አልከፈላችሁም የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ ተመላሽ ያለው ሰውም ይዘገይበታል። ኮንፈርሜሽኑ ታትሞ ከ2025 ወረቀቶች ጋር ተቀመጠ። ከእንግዲህ ማንም ይክፈል በማን፣ የባል ቁጥር ይቀድማል። የሚስት አካውንት ስክሪንም ተገልብጦ ተያዘ።

ጃንዋሪ 8፣ 2026

አራተኛው፣ ጃንዋሪ 15። በካርድ አልተከፈለም።

ዲሴምበር ላይ የመኪናው ትራንስሚሽን ተበላሽቶ 2,900 ዶላር በ2 በመቶ ካርዱ ወጣ፣ ስቴትመንቱ ሙሉ አልተከፈለም፣ 1,400 አድሯል። ዕዳ ያደረበት ካርድ የወለድ ነፃ ጊዜውን ያጣል፤ አዲስ ግዢ ሁሉ ከገባበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። 2,136.75 በ24 በመቶ ለ30 ቀን 42 ዶላር ነው፣ ካሽ ባኩም 42 ዶላር ነው። 36.75ቱ ክፍያ ከኪስ ይወጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው ዕዳውን ለብቻ፣ ግብሩን ለብቻ አድርጎ ያስባል፤ ካርዱ ግን እንዲህ አይለይም።

ከባንክ በዳይሬክት ፔይ 2,100 ተከፈለ። ዓመቱ 2025 ተብሎ ተመረጠ። ጃንዋሪ ላይ ከገቡ አይቀር ጣት ወደ 2026 ይሄዳል፤ ይህ ክፍያ ግን ያለፈው ዓመት የመጨረሻው ነው።

ፌብሩዋሪ 21፣ 2026

የ2025 ቅጽ ተሠራ። መስመር 26 ላይ የገባው 8,400 ነው፦ 2,100፣ 2,100፣ 600 ሲደመር 1,500፣ 2,100። የአገልግሎት ክፍያው አይገባም። የካርዱን ስቴትመንት ከፍተው 2,136.75 የሚጽፉ አሉ፤ አይአርኤስ ጋ የደረሰው 2,100 ስለሆነ ልዩነቱን የሚያርም ደብዳቤ ይመጣል።

በዓመቱ የተከፈለው የአገልግሎት ክፍያ 143.50 ነው። ይህ የግል የገቢ ግብር መክፈያ ወጪ ነውና ሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ) ላይ ከነዳጅና ከስልክ ጋር አልገባም።

ቦነሱ ገቢ ሆኖ አልተጻፈም። ገንዘብ በማውጣት የሚገኝ ፖይንትና ካሽ ባክ የዋጋ ቅናሽ ተደርጎ ስለሚታይ ግብር የለበትም። ባንክ ሒሳብ ስለተከፈተ ብቻ የሚሰጥ ቦነስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ 1099-አይኤንቲ (የወለድ ገቢ ማስረጃ) ይዞ ይመጣል፣ ግብርም አለበት። በ2021 የግብር ፍርድ ቤት ያየው የባልና ሚስት ጉዳይ ነበር፤ በካርድ የስጦታ ካርድና መኒ ኦርደር (እንደ ቼክ የሚመነዘር ወረቀት) እየገዙ መልሰው ባንክ በማስገባት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሰብስበዋል። ፍርድ ቤቱ በቀጥታ በካርዱ ከተገዛው መኒ ኦርደር ላይ የተገኘው ግብር ይከፈልበት አለ። ግብርን በካርድ መክፈል ከዚያ ወገን አይደለም። ሆን ብሎ 20,000 ከፍሎ ተመላሽ መጠበቅ ግን አይመከርም፤ ክፍያው አይመለስም፣ ተመላሹ ስንት ወር እንደሚቆይም በከፋዩ እጅ አይደለም።

የዓመቱ ጠቅላላ፦ ኤፕሪል 475.70፣ ጁን 5.98፣ ሴፕቴምበር 202.92። ድምር 684.60። ከዚህ ውስጥ ቦነስ ከሌለው የ2 በመቶ ካርድ የተገኘው አሥር ዶላር ከሩብ ነው።

ማርች ላይ የጉዞ ካርዱ ሁለተኛ 95 ዶላር ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ደውሎ ወደ ነፃው ካርድ መቀየር ይሻላል፤ መዝጋት ሊሚቱን ያሳጣል። ፖይንቱ ከመቀየሩ በፊት ይመንዘር።

የ2025 ጠቅላላ ግብር 12,150 ሆኗል። ሲቀነስ 3,000 እና 8,400፣ ቀሪ 750 ዶላር። ያለፈው ዓመት ልክ ስለተሞላ ቅጣት የለም። ኤፕሪል 15 ድረስ ጊዜ አለ። በ2 በመቶ ካርዱ ቢከፈል፣ በባለፈው ዓመት ዋጋ፣ ክፍያው 13.13 ካሽ ባኩ 15.26 ነው። ትርፉ 2.13።

ከባንክ ይከፈላል።